ጎንዶኮሮ፦ በጨረቃ የተለካች ስፍራ

ከዛሬዋ ጁባ አጠገብ፣ በነጭ ዓባይ ምሥራቃዊ ዳርቻ የምትገኘው ጎንዶኮሮ፣ በ19ኛው መቶ ዘመን የዝሆን ጥርስና እጅግ በሚያሳዝን መልኩ የባሪያ ንግድ ጣቢያ ነበረች። የዓባይን ምንጭ ፍለጋ የተጓዙት ብሪታንያውያን ስፒክና ግራንት እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 15 ቀን 1863 እዚያ ሲደርሱ፣ ስፒክ ወደ ካርቱም ከመውረዱ በፊት ጨረቃ ለልኬት አመቺ ሆና እስክትታይ ጠበቀ፤ ኬንትሮስ፣ ማለትም አንድ ስፍራ ከግሪንዊች ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ ያለው ርቀት፣ ቴሌግራፍ ባልደረሰበት አገር ከሚታወቅባቸው መንገዶች አንዱ ጨረቃ ከፀሐይ ወይም ከአንድ ኮከብ የምትርቅበትን ማዕዘን በሴክስታንት ለክቶ ከሰማይ ሰንጠረዥ ጋር ማመሳከር ነበርና። ኬክሮስ፣ ማለትም ከምድር ወገብ ያለው ርቀት፣ ይበልጥ ይቀላል፤ የሰሜን ኮከብ ከአድማስ በላይ ያለው ከፍታ ከስፍራው ኬክሮስ ጋር ስለሚቀራረብ፣ በጁባ 5 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው።

ለምድር ወገብ ያላት ቅርበት ለጁባ የሰሜኑንም የደቡቡንም ሰማይ ይገልጥላታል፤ ለዘመናዊ ምርምርም ትልቅ ጸጋ ነው። ኢትዮጵያ በእንጦጦ ሁለት ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፖችን ተክላለች፤ በ2019 እ.ኤ.አ. ደግሞ አንድ ሩቅ ኮከብ «ቡና»፣ ፕላኔቱም «አቦል» የሚል ስም ከእርሷ አግኝተዋል። ጁባም የራሷን መመልከቻ እንድትተክል የአካባቢው አገሮች ሊያግዟት ይገባል።