የሠርግ አዳራሽ ኪራይ ውል
የሠርግ አዳራሽ ኪራይ ውል በአከራይና በደጋሽ መካከል ለተወሰነ ቀንና ሰዓት የሚደረግ ስምምነት ነው። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክሳውያን ዘንድ በጾም ወቅት ሠርግ ስለማይደገስ ገበያው በጥር ወርና ከፋሲካ በኋላ ይጨናነቃል፤ ያኔ ዋጋ ማስቀነስ ይከብዳል። በመሆኑም ድርድሩ በሰዓት ጭማሪ፣ ምግብና መጠጥ ከውጭ በማስገባት፣ በጄኔሬተርና በተለይም በቀብድ ላይ ያተኩራል።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቀብድ መስጠትን ውል ለመደረጉ ማስረጃ አድርጎ ይቀበላል (አንቀጽ 1883)። ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ቀብድ የሰጠ ወገን ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ቢተው ደግሞ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል (አንቀጽ 1885)። ለምሳሌ 20,000 ብር ቀብድ ተቀብሎ ቀኑን ለሌላ የሰጠ አከራይ 40,000 ብር ይከፍላል። የጥሪ ካርድ ለተበተነበት ሠርግ ግን ይህ ገንዘብ በዚያ ሳምንት ሌላ አዳራሽ አያስገኝም፤ ተዋዋዮቹ ከዚህ የበለጠ መቀጫ በውሉ ውስጥ ማስገባት ይችላሉ።