የጾም ሚንስ ፓይ በኖቲንግሃም

እንግሊዞች የገና ምግባቸውን ማዞር የሚጀምሩት እኛ ጾመ ነቢያትን በያዝን ሰሞን ነው። ኅዳር 15 ጾሙ ይገባል፤ ከዚያ ወዲያ በመሥሪያ ቤቱ ሻይ ክፍል፣ በልጆች ትምህርት ቤት፣ በጎረቤት በር ሚንስ ፓይ የማይቀርብበት ጊዜ የለም። መዳፍ የማትሞላ ክብ ነገር ነች፤ ውስጧ ዘቢብ፣ ፖምና የብርቱካን ልጣጭ በስኳርና በቅመም ተለውሶ ይሞላል። ቀረፋና ቅርንፉድ ስለምትሸት ለሐበሻ አፍንጫ ባዕድ አይደለችም። ግን ሊጧ በቅቤ ታሽቷል፣ መሙያዋ ደግሞ የበሬ ሞራ አለበት። ቢቀርብ ቢቀርብ «ጾም ነኝ» ብሎ ሳህኑን ማሳለፍ ነበር። ያውም ብዙ ጊዜ የሚቀርበው ጠዋት ነው፤ ዘጠኝ ሰዓት የሚጠብቅ ሰው የጾም እንኳ ቢሆን ምን ያደርግለታል?

በኖቲንግሃም ሐበሾች ዘንድ ዛሬ የጾም ሚንስ ፓይ የተለመደ ነው፤ ከቅዳሴ በኋላ ከዳቦውና ከሽሮው ጎን ይቀመጣል። ማን ጀመረው ቢባል ቢያንስ ሦስት እናቶች «እኔ ነኝ» ይላሉ፤ ሦስቱንም ማመን ይሻላል።

ደግነቱ እንግሊዞቹ ራሳቸው አብዛኛውን መንገድ ሄደውልናል። ጀርቬዝ ማርካም እ.ኤ.አ. በ1615 ባሳተመው የባልትና መጽሐፍ የዚህ ፓይ መሙያ የበግ ታፋ ሥጋ ነበር፤ ዘቢቡ የሚጨመረው ሥጋው ላይ ነው። በ1747 ሐና ግላስ ስትጽፍ ሥጋው የፈለገ የሚያስገባው ሆኗል፤ ለፈለገ የበሬ ምላስ ቀቅሎ መጨመር ነው። በ1861 የወጣው የወይዘሮ ቢተን መጽሐፍ ሥጋ ያለውንም የሌለውንም አሠራር ይዟል። ከዚያ በኋላ ሥጋው ቀስ በቀስ ጠፋና ሞራው ብቻ ቀረ። እኛ ያወጣነው ያንን የመጨረሻውን ነው።

ከዚህ ሁሉ በፊት ደግሞ፣ እንግሊዝ እንደኛ አጥብቃ በምትጾምበት ዘመን፣ የጾም ፓይ ነበራት። በ1390 ገደማ የንጉሥ ሪቻርድ ሁለተኛው ወጥ ቤቶች ባዘጋጁት ጽሑፍ ውስጥ ለጾም የሚሠራ አንድ አለ፦ በለስ፣ ዘቢብ፣ ፖም፣ ፒር፣ ቅመም፣ ከዚያም ሳልሞን ወይም ሌላ ዓሣ። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን የእኛን ክርክር እዚህ ባልቀሰቅሰው ይሻላል። ሳልሞን ከዘቢብ ጋር ግን፣ ቢፈቀድም እንኳ፣ ለኔ ይቅርብኝ።

ወደ ሥራው ስንገባ፣ ፖሙ ብራምሊ መሆን አለበት። ብራምሊ የዚሁ አገር ልጅ ነው፤ ከከተማችን ብዙም በማትርቀው በሳውዝዌል ሜሪ አን ብሬልስፈርድ የምትባል ልጅ በ1809 ከተከለችው ፍሬ በቀለ። ስሙ የመጣው ግን ቤቱን በኋላ ከገዛው ማቲው ብራምሊ ነው፤ ሰውየው ሥጋ ሻጭ ነበር። የጾም ምግባችን ባለልኳንዳ ስም የያዘ ፍሬ ላይ መቆሙ ሁልጊዜ ያስቀኛል። ጥሬውን ቢነክሱት ጥርስ ያደነዝዛል፤ እሳት ሲነካው ግን ይፈርስና ዘቢቡን ያያይዘዋል።

ግማሽ ኪሎ ብራምሊ በደቃቁ ይከተፋል። 1 ኪሎ ያህል የተለያየ ዘቢብ፣ 300 ግራም ጥቁር ስኳር፣ የሁለት ብርቱካንና የሁለት ሎሚ ጭማቂ ከተፈቀፈቀ ልጣጫቸው ጋር፣ ቀረፋ፣ ቅርንፉድና ገውዝ ይጨመራል። በሞራው ፋንታ የአትክልት ስብ ነው። አቶራ የሚባለው ፓኬት የበሬም የአትክልትም ስላለው ጽሑፉን ሳያነቡ ማንሳት አያዋጣም። አንዳንዶቻችን የኮኮናት ዘይት እንመርጣለን፤ 150 ግራም ይበቃል። የእኛ ጭማሪ ኮረሪማ ነው፤ ተፈልፍሎ የተወቀጠ አንድ የሻይ ማንኪያ።

ሁሉም ተለውሶ አንድ ሌሊት ካደረ በኋላ ተሸፍኖ በ120 ዲግሪ ምድጃ ውስጥ ሦስት ሰዓት ይቆያል። ይህን መዝለል የለም። ፖሙ ጥሬውን ማሰሮ ከገባ ውሃ ያወጣና ይፈላል፤ ጠላ አይደለም የምንጠምቀው። በዝግታ ሲሞቅ ስቡ ቀልጦ ፖሙን ያለብሰዋል። ሲወጣ በዘይት የተጥለቀለቀ ይመስላል፤ እየቀዘቀዘ ሲማሰል ግን ስቡ ይያያዛል። ፈረንጆቹ መጨረሻ ላይ ብራንዲ ያፈሱበታል። በጾም መጠጥ አይነካም የሚሉ ይተዉታል፤ እነሱ ማሰሮውን ማቀዝቀዣ ውስጥ ያስቀምጡት።

ሊጡ ዱቄት፣ የአትክልት ቅቤና ቀዝቃዛ ውሃ ነው። እንቁላል መቀባት ስለማይቻል የአኩሪ አተር ወተት ይቀባል። እንደ እንቁላሉ አያብለጨልጭም፤ ማንም ግን ቅር ሲለው አላየሁም።

እንግሊዞች ከገናቸው ጀምሮ ለ12 ቀን በየቀኑ አንድ ሚንስ ፓይ የበላ ዓመቱ ይቀናዋል ይላሉ። 12ቱ ቀን የሚያልቀው የእኛ ገና ደጃፍ ላይ ነው፤ እነሱ ዛፋቸውን ሲያወርዱ እኛ ዶሮ እንገነጥላለን። ታኅሣሥ 29 ደግሞ ዶሮ ወጥ ባለበት ቤት ፓይ የሚያስታውስ የለም። የተረፈው ማሰሮ ሁዳዴን ይጠብቃል። ያኔ የሚንስ ፓይ ሊጥ ለመዳመጥ የሚደክም ስለሌለ ወጣቶቹ በሳምቡሳ ቂጣ ጠቅልለው ይጠብሱታል፤ እናቶች ምስር የሌለበት ሳምቡሳ ምን ሳምቡሳ ነው እያሉ ያጉረመርማሉ፣ ሳህኑ ግን ባዶውን ይመለሳል።