በረጅሙ መንገድ፤ ከደብረ ማርቆስ እስከ ቡሬ

ከዐዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ባሕር ዳር የሚሄድ መንገደኛ ደጀን ከደረሰ በኋላ ሁለት መንገድ ይጠብቀዋል። አንደኛው በቢቸናና በሞጣ በኩል የሚያልፈው ነው፤ እርሱ ስለሚያጥር ጉዳይ ያጣደፈው ሰው ሁሉ ይመርጠዋል። ሁለተኛው በደብረ ማርቆስ፣ በደምበጫ፣ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ዞሮ በእንጅባራና በዳንግላ በኩል የሚሄደው ረጅሙ መንገድ ነው። ዛሬ ልነግርዎ ያሰብሁት ስለዚህ ስለ ረጅሙ መንገድ፣ ይልቁንም በደብረ ማርቆስና በቡሬ መካከል ስላለው ወደ 110 ኪሎ ሜትር ስለሚሆነው ክፍሉ ነው።

የመንግሥት ሠራተኛ እነዚህን ከተሞች የሚያውቃቸው በሁለት ምክንያት ነው። ወይ የዝውውር ደብዳቤ ይደርሰዋል፤ ወይም የውሎ አበል ተፈቅዶለት ለሥራ ሲያልፍ ምሳ ይበላባቸዋል። በዝውውር የሄደው ሰው መጀመሪያ ያዝናል፤ ሦስት ዓመት ተቀምጦ ሲመለስ ግን ከሽኝቱ ላይ ዕንባውን የሚጠርገው እርሱ ራሱ ነው። በውሎ አበል የሚያልፈው ግን ከምግብ ቤቱ በረንዳና ከኪሎ ሜትሩ ቍጥር በቀር የሚያስታውሰው የለውም። ይህ ንግግር የሚመለከተው በተለይ ይህን ሁለተኛውን ሰው ነው።

የዓባይን በረሃ ባጭሩ እንለፈው፤ ስለ እርሱ ያልጻፈ የለምና። ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ቁልቁለትና ዳገት ነው። ወንዙን የሚያሻግረው 303 ሜትር ርዝመት ያለው የኅዳሴ ድልድይ በጃፓን መንግሥት ርዳታ ተሠርቶ በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ ተመረቀ። ደብረ ማርቆስም ትንሽ ከተማ አይደለችምና ብዙ አንቆይባትም። የቀድሞ ስሟ መንቆረር ነበር፤ የቆረቆሯት ደጃዝማች ተድላ ጓሉ ናቸው። በኋላ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት መናገሻቸው ስላደረጓት በቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ስም ተጠራች። በዚህ መንገድ ላይ ስሟን የለወጠች ከተማ ግን እርስዋ ብቻ አይደለችም።

ከደብረ ማርቆስ 2,400 ሜትር ከፍታ ተነሥቶ መንገዱ ቀስ በቀስ ይወርዳል። አማኑኤልን፣ ደምበጫንና ጅጋን አልፎ ፍኖተ ሰላም ሲደርስ ከፍታው 1,900 ሜትር ግድም ነው፤ ከዚያም ማንኩሳን አልፎ ቡሬ ሲገባ እንደ ገና ወደ 2,100 ሜትር ይወጣል። በስተቀኝ ደጋው ይቆማል፤ በስተግራ አገሩ ወደ ዓባይ ቆላ እየተንሸራተተ ይወርዳል። ተምጫ፣ ብርና ላህ የሚባሉት ወንዞች ከደጋው ወርደው መንገዱን እየቆረጡ ወደ ዓባይ ይሄዳሉ። ይህ አገር በቀድሞው የአስተዳደር ክፍፍል «ቆላ ደጋ ዳሞት» ይባል ነበር፤ የአውራጃው ስም የአገሩን አቀማመጥ በሦስት ቃል የሚናገር ነው።

በገበያ ቀን ያለፉ እንደ ሆነ መኪናው መሄዱ ይቀርና መቆሙ ይበዛል። አህያ በቆሎና ጤፍ ተጭኖ አስፋልቱን ይሞላዋል፤ ሰዉ ጋቢውን ደርቦ፣ ዱላውን በትከሻው አጋድሞ ከነፋሱ ጋራ ይጓዛል። የቡሬና የማንኩሳ በርበሬ የታወቀ ነው። በመከር ጊዜ በየደጃፉ ተሰጥቶ ሲታይ መሬቱ ቀይ ምንጣፍ የተነጠፈበት ይመስላል፤ ከመኪና ወርዶ ሁለት ጊዜ ሳያስነጥስ የሚመለስ መንገደኛም ብዙ አይደለም። ሹፌሩ መለከቱን ቢነፋ የሚሰማው የለም። መቼም ለተጣደፈ ሰው ይህ ሁሉ መዘግየት ነው፤ ለማየት ለወጣ ሰው ግን ከጉዞው ሁሉ የተሻለው ሰዓት ይኸው ነው።

አሁን ወደ ታሪኩ እንግባ። የዚህ መንገድ ትልቁ ታሪክ የተጓዘው እኛ በያዝነው አቅጣጫ ሳይሆን በተቃራኒው፣ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ነው፤ ስለዚህ አንድ ጊዜ እስከ መጨረሻው ቡሬ ድረስ ሄደን ከዚያ ወደ ኋላ መመለስ ይኖርብናል።

ቡሬ የቆየች ከተማ ናት። አገሯ ዳሞት ይባላል፤ ዳሞት ግን ቀድሞ ከዓባይ ማዶ በስተደቡብ የነበረ የጥንት መንግሥት ስም ነበር። በ16ኛው መቶ ዓመት የኦሮሞ ሕዝብ መስፋፋት በጀመረ ጊዜ ከሕዝቡ ብዙው ዓባይን ተሻግሮ በዚህ ሰፈረና የአገሩን ስም ይዞት መጣ። በ1845 ዓ.ም. በጉር አምባ ከካሣ ኃይሉ፣ ማለት ከኋለኛው ዐፄ ቴዎድሮስ ጋራ ተዋግተው የወደቁት ደጃዝማች ጎሹ ዘውዴ የዚሁ የዳሞት ገዥ ነበሩ። በዚያ ዘመን ከዓባይ ማዶ ቡናው፣ ዝባዱ፣ የዝሆን ጥርሱ፣ ወርቁ፣ እንዲሁም ባሪያው ወደ ጎጃም ገበያዎች ይመጣ ነበር፤ ዋጋውም በአሞሌ ጨው ይከፈል ነበር። ከነዚህ ገበያዎች የገነነው የባሶው የየጁቤ ገበያ ቢሆንም ቡሬም ከወለጋ ወደ ጎጃም የሚያሻግረው በር ላይ የተቀመጠች ናት። ዛሬም ወደ ነቀምት የሚሄደው መንገድ የሚገነጠለው ከዚሁ ከቡሬ ነው። ነጋዴው ተለወጠ፣ ጭነቱም ተለወጠ፤ በሩ ግን አልተዛወረም። የተቀናጀው የአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ በቡሬ መሠራቱም እንዲያው ዕጣ ወጥቶላት አይመስለኝም።

ጠላት አገራችንን በያዘበት ዘመንም የኢጣሊያ ጦር አዛዦች ይህን በር አውቀውት በቡሬ ትልቅ ምሽግ ሠሩ። በዙሪያው ያለው አገር ግን በእጃቸው አልነበረም። ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬና ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህ ከነአርበኞቻቸው በዳሞትና በአካባቢው ሸፍተው ይዋጉ ነበር። በ1932 ዓ.ም. ክረምት ኮሎኔል ሳንድፎርድ ከሱዳን ተሻግሮ ከአርበኞቹ ጋራ ተገናኘ፤ የንጉሠ ነገሥቱ መልእክተኛ ሆነው አብረው የገቡት አዛዥ ከበደ ተሰማ ነበሩ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ ሰንደቅ ዓላማቸውን ተክለው ወደ አገራቸው ገቡ። በዊንጌት የሚመራውና በመጽሐፈ መሳፍንት በሚነገረው በጌዴዎን ስም የተጠራው ትንሽ ጦር ከፊት ቀድሞ ወደ ቡሬ ገሠገሠ። ሳንድፎርድና ዊንጌት የሚሉትን ስሞች የዐዲስ አበባ ሰው ከትምህርት ቤቶቹ ያውቃቸዋል፤ ሰዎቹ ስማቸውን ያገኙት ግን እርስዎ በምሳ ሰዓት በሚያልፉበት በዚህ አገር ላይ ነው።

ጌዴዎን የተባለው ጦር የሱዳን ወታደሮችና የኢትዮጵያ ሁለተኛ ሻለቃ ጦር ነበሩበት። ስንቁን የጫኑት በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ግመሎች ሲሆኑ አብዛኞቹ በደጋው ብርድና በዳገቱ አለቁ። ጦሩ ከጥይት ሌላ አንድ መሣሪያ ነበረው፤ ይኸውም ቃል ነው። በድምፅ ማጉያ በአማርኛ እየተነገረ ከጠላት ጋራ የተሰለፉት ኢትዮጵያውያን ወደ ወገናቸው እንዲመለሱ ይጠሩ ነበር። «ባንዲራችን» የተባለችው የአማርኛ ጋዜጣም በዚያው ዘመቻ የተወለደች ናት። ይህን ጽሑፍ አስቀድመው በሬዲዮ የሰሙ አንባቢዎች የድምፅ ማጉያ ኃይል እንግዳ አይሆንባቸውም።

የቡሬ ምሽግ ውጊያ በየካቲት 20 ቀን ገደማ ተጀመረ። በዙሪያው የነበረው ወገን በቍጥር እጅግ ያነሰ ሲሆን የኢጣሊያው አዛዥ ኮሎኔል ናታሌ ብዙ ሠራዊት የከበበው ስለ መሰለው የካቲት 25 ቀን ምሽጉን ለቆ ከብዙ ሺህ ወታደር ጋራ ወደ ደብረ ማርቆስ ማፈግፈግ ጀመረ። ታሪክ ጸሐፊዎች የሚያደንቁት ይህን ነው፤ ለእኔ ግን የሚበልጠው ከሁለት ቀን በኋላ የሆነው ነው። ሁለተኛው የኢትዮጵያ ሻለቃ ጦር በማንኩሳ በኩል ቀድሞ አልፎ በደምበጫ አጠገብ በአንድ ወንዝ ዳር ሰፍሮ ነበር። የካቲት 27 ቀን የሚያፈገፍገው ያ ሁሉ ሠራዊት ድንገት መጣበት። ጥቂት መቶ ሰዎች ከብዙ ሺህ ጋራ በግንባር ተጋጠሙ፤ ከሁለቱም ወገን ብዙ ሰው ወደቀ፤ የጠላት ጦርም ጥሶ ቢያልፍም ልቡ ተሰብሮ አለፈ። ያን ሻለቃ ጦር ያቋቋሙት ከአገራቸው ተሰደው በኬንያ ካምፕ ይኖሩ የነበሩ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ከኬንያ ሱዳን፣ ከሱዳን ጎጃም ድረስ መጥተው አገራቸውን ባዩ በጥቂት ሳምንት ውስጥ የወደቁ ሰዎች ናቸው። ደምበጫ ሲደርሱ ሻዩ እስኪቀርብ ድረስ እነርሱን ያስቡ ብል ብዙ የጠየቅሁ አይመስለኝም።

ንጉሠ ነገሥቱ በዚሁ በተከፈተው መንገድ ተጕዘው መጋቢት 28 ቀን ደብረ ማርቆስ፣ ሚያዝያ 27 ቀን ደግሞ ዐዲስ አበባ ገቡ። አስቀድመን ስም ስለ ለወጡ ከተሞች ያነሣነው እዚህ ላይ ይመለሳል። በቡሬና በደምበጫ መካከል ያለችው ከተማ ወጀት ትባል ነበር። ፍኖተ ሰላም፣ ማለት የሰላም መንገድ፣ የሚለውን ስም ያወጡላት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እንደ ሆኑና ምክንያቱም የጠላት ድል መሆን እንደ ሆነ ይነገራል። እንግዲህ ቡሬን ገበያ ከቆረቆራት፣ ፍኖተ ሰላምን የሰየማት ጦርነት ነው ማለት ይቻላል። ዛሬ የምዕራብ ጎጃም ዞን መቀመጫ ታናሺቱ ፍኖተ ሰላም ናት እንጂ ታላቂቱ ቡሬ አይደለችም፤ የዚህ ነገር ክርክር በሁለቱ ከተሞች ጠላ ቤቶች የሚያልቅ አይመስለኝምና ጣልቃ አልገባበትም።

ስሙ ግን ሁልጊዜ ከነገሩ ጋራ አልተስማማም። በ1960 ዓ.ም. አዲሱ የእርሻ ገቢ ግብር ዐዋጅ ሲወጣ የጎጃም ገበሬ መሬቴ ተለክቶ ሊወሰድ ነው ብሎ ተነሣ። መንግሥት ጦር ሠራዊትና የጦር አውሮፕላን እስከ መላክ ደረሰ፤ በመጨረሻም አገረ ገዥው ተነሡ፣ ውዝፉም ግብር ተማረ። ዐዋጁን በቢሮ ያረቀቁት ሰዎች አገሩን ሳያዩ መጻፋቸው ለዚህ ጥፋት ምክንያት ሳይሆን አይቀርም። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ደግሞ በክልሉ በተነሣው ጦርነት ይህ መንገድ ብዙ ጊዜ ተዘግቷል። በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር በፍኖተ ሰላም ላይ በደረሰው የአየር ድብደባ ከ26 የማያንሱ ሰዎች መሞታቸውን የሆስፒታል ኃላፊ ለዜና ወኪሎች ተናግረዋል። ስለዚህ በዚህ መንገድ ይጓዙ ብዬ ስመክርዎ መንገዱ የሚያስኬድ ሲሆን ማለቴ ነው።

ማንኩሳን ሳላነሣ ብቀር የሚወቅሱኝ አንባቢዎች አሉ። በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ያነበበ ሰው ታሪኩ የሚጀምረው ከማንኩሳ እንደ ሆነ ያውቃል። በፍኖተ ሰላምና በቡሬ መካከል ከመንገዱ ግራና ቀኝ የተደረደረች ትንሽ ከተማ ናት፤ ቆርቆሮው፣ ባሕር ዛፉ፣ የበርበሬው ጆንያ፣ ከዚህ የበለጠ ለዐይን የሚታይ የላትም። ነገር ግን ያንን መጽሐፍ ያነበበ ሹፌር በማንኩሳ ሲያልፍ መኪናውን ቀስ ሲያደርግ አይቻለሁ።

ከቡሬ በኋላ መንገዱ የፈጣምን ወንዝ ይሻገርና ወደ ጥሊሊና ወደ እንጅባራ ብርድ ይወጣል። በስተሰሜን በኩል በሰከላ ወረዳ ግሽ ዓባይ አለ፤ በ1610 ዓ.ም. ፔድሮ ፓኤዝ፣ በ1763 ዓ.ም. ጄምስ ብሩስ ደክመው የደረሱበት፣ ያገሩ ሰው ግን ከነርሱ በፊት ለዘመናት ጠበል የጠጣበት ምንጭ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው የአዊ አገር ስለ ሆነ የራሱ ታሪክ አለው፤ እግዚአብሔር ቢፈቅድ በሌላ ቀን እንጓዝበታለን።