ቤር ሼቫ ስንት ዓመቷ ነው?

መልሱ እንደምትጠይቁት ሰው ይለያያል። (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ኦሪት የሚጀምረው ከአብርሃም ነው። አብርሃምና አቢሜሌክ ባጣላቸው የውሃ ጉድጓድ አጠገብ ተማማሉ፤ ቦታውም ስሙን ከዚያ አገኘ። በዕብራይስጥ ሼቫ ሰባት ነው፤ ሽቩዓ ደግሞ መሐላ። የግዕዙ ኦሪት ስሙን ተርጉሞ «ዐዘቅተ መሐላ» ይለዋል፤ የመሐላ ጉድጓድ። ወላጆቻችን መርከዝ ክሊታ ከመግባታቸው ከብዙ ዘመን በፊት ቄሶቻችን የዚህን ቦታ ስም ያነቡት ነበር ማለት ነው።

የዒር አቲካን ጎዳናዎች ብትጠይቁ ግን መልሱ 1900 ነው። ያኔ ኦቶማኖች በዙሪያው ያሉትን በደዊዎች ለማስተዳደር ከአዛዝማ ጎሳ መሬት ገዝተው፣ ቀጥ ቀጥ ያሉ መንገዶች ቀይሰው ከተማ ቆረቆሩ። ዛሬ ሙዚየም የሆነውን መስጊድም የሠሩት እነሱ ናቸው። በኦክቶበር 31 ቀን 1917 የብሪታንያ ጦር ከአውስትራሊያ ፈረሰኞች ጋር ከተማዋን ያዘ፤ ፈረሶቹ ተጠምተው ስለነበር ጉድጓዶቹን ሳይወድሙ መያዝ ግድ ነበር። በኦክቶበር 1948 የእስራኤል ጦር ሲገባ አረብ ነዋሪዎቿ ሸሹ ወይም ተባረሩ፤ በቤቶቻቸው አዲስ ዖሊም ገቡ። ከዚያ ሽኹና አሌፍ፣ ቤት፣ ግመል እየተባለ ሰፈሮች ተሠሩ።

መንደሮቹም የየራሳቸው መልስ አላቸው። ነቫቲም በ1946 በአንድ ሌሊት ከተተከሉት 11 የነገብ መንደሮች አንዷ ናት፤ በ1950ዎቹ ከህንድ፣ ከኮቺን የመጡ አይሁዶች ሰፈሩባት። ዛሬ እዚያ ምኩራባቸውና የቅርስ ማዕከላቸው አለ። ቴል ሼቫ የምትባለውን የበደዊዎች ከተማ መንግሥት ያቀዳት በ1960ዎቹ መጨረሻ ነው። በአካባቢው እስካሁን እውቅና ያላገኙ፣ የመብራት መስመር ያልገባላቸው የበደዊ መንደሮችም አሉ። የእነሱን ዕድሜ የሚያውቁት ሽማግሌዎቻቸው ናቸው።

እኛስ? በሜይ 1991፣ በዘመቻ ሰሎሞን፣ ከ14,000 በላይ ሰው በ36 ሰዓት ገደማ ከአዲስ አበባ መጣ። ስለ አውሮፕላኖቹ ብዙ ተጽፏል። ከፊሎቹ ቤር ሼቫ ከደረሱ በኋላ ማን ከማን ጋር ጎረቤት ሆነ? የመጀመሪያው እንጀራ በምን ዱቄት ተጋገረ? ለቅሶ ሲሆን ድንኳን የሚተክለው ማን ነበር? የቢሮ ወረቀት የመጡበትን ቀን ይይዛል፤ ይህንን አይዝም። ይህ ያለው እናቶቻችንና አያቶቻችን ዘንድ ነው፤ የሚያወሩትም በአማርኛ ወይም በትግርኛ ነው። የእኛ ትውልድ እነሱንም ይሰማል፣ በዕብራይስጥም ይጽፋል። ልጆቻችን አያቶቻችንን መስማት መቻላቸውን እንጃ።

ኮቺኖች ጥቂት ሆነው ታሪካቸውን በመንደራቸው አቁመዋል። እኛም ቡና በሚፈላበት ቀን የስልካችንን መቅረጫ ከፍተን መጠየቅ እንችላለን፦ ከየትኛው መንደር ነው የወጡት? እዚህ መጀመሪያ የገቡበት ቤት የት ነበር? በሩን አንኳኩቶ የመጣው ጎረቤት ማን ነበር?