የሳንታ ማሪያ የጭፈራ ቤት ቃጠሎ፦ የ242 ሰዎች ሞትና ያልተቋጨው የተጠያቂነት ጥያቄ

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጃንዋሪ 27 ቀን 2013 (ጥር 19 ቀን 2005 ዓ.ም) በደቡባዊ ብራዚል በምትገኘው ሳንታ ማሪያ ከተማ፣ «ኪስ» በተሰኘ የምሽት ጭፈራ ቤት በተነሳ እሳት 242 ሰዎች ሕይወታቸው አልፏል፤ ከ600 በላይ ሰዎች ደግሞ ተጎድተዋል። በአደጋው አራት ሰዎች በሰው መግደል ወንጀል ጥፋተኛ ተብለዋል። የፍርድ ሂደቱ ግን ከአሥር ዓመት በላይ ወስዷል፤ ውሳኔው አንድ ጊዜ ተሽሮ እንደገና ጸንቷል፤ ቅጣቱም በኋላ ተቀንሷል። ቤቱን የመቆጣጠርና ፈቃድ የመስጠት ኃላፊነት የነበረባቸው ባለሥልጣናት በበኩላቸው በሰው መግደል ክስ ፍርድ ቤት አልቀረቡም። የሟች ቤተሰቦችን ቁጣ እስከ ዛሬ ያላበረደው ይኸው ነው።

በዚህ ጽሑፍ ስለ ውጭ አገራት የተጠቀሱት ቀኖችና ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አደጋው እንዴት ደረሰ?

ሳንታ ማሪያ በሪዮ ግራንዴ ዶ ሱል ክልል የምትገኝ የዩኒቨርሲቲ ከተማ ናት። የዚያን ሌሊት ዝግጅት ያሰናዱት በከተማዋ የፌዴራል ዩኒቨርሲቲ የሚማሩ የግብርና፣ የእንስሳት ሕክምና፣ የእንስሳት እርባታ፣ የምግብ ቴክኖሎጂና የመምህርነት ተማሪዎች ነበሩ። ከሟቾቹ መካከል ለትምህርት ከክልሉ ሌሎች ከተሞች የመጡ ወጣቶች ይገኙበታል።

በአካባቢው ሰዓት ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ መድረክ ላይ ከነበረው የሙዚቃ ባንድ አባላት አንዱ ርችት አቀጣጠለ። ርችቱ ለአደባባይ እንጂ ለቤት ውስጥ የተሠራ አልነበረም። መርማሪ ፖሊስ በወቅቱ እንደገለጸው፣ የተገዛው ርችት ዋጋ ሁለት ሬያል ተኩል ገደማ ሲሆን ለቤት ውስጥ የሚሆነው ግን 70 ሬያል ያወጣ ነበር። ፍንጣሪው በጣሪያው ላይ ድምፅ እንዲያፍን ከተለጠፈው ስፖንጅ ጋር ተያያዘ። በመድረኩ አጠገብ የነበረው የእሳት ማጥፊያ ቢሞከርም አልሠራም።

ለሟቾች ቁጥር መብዛት ዋናው ምክንያት ነበልባሉ ሳይሆን ጭሱ ነው። ስፖንጁ ሲቃጠል ሳያናይድ የተባለውን መርዛማ ጋዝ ለቀቀ፤ ጭሱም በደቂቃዎች ውስጥ አዳራሹን ሞላው። ቤቱ አንድ መውጫ በር ብቻ ነበረው። ከአደጋው የተረፉ ሰዎች እንደመሰከሩት፣ እሳት መነሳቱን ያላወቁ የበር ጠባቂዎች በመጀመሪያዎቹ ቅጽበቶች «ሂሳብ ሳትከፍሉ አትወጡም» በሚል ሰዎችን ገትተው ነበር። ብዙዎች በጨለማው ውስጥ የመጸዳጃ ቤቱን በር መውጫ መስሏቸው ገብተው እዚያው ታፍነው ሞተዋል። ከውጭ የነበሩ ሰዎች ግድግዳውን በመዶሻ እየሰበሩ የተቻላቸውን ያህል ሰው አትርፈዋል። ከባንዱ አባላትም አንዱ ሕይወቱ አልፏል።

አደጋው በ1961 በኒቴሮይ ከተማ በሰርከስ ድንኳን ከደረሰውና ከ500 በላይ ሰዎችን ከገደለው ቃጠሎ ቀጥሎ በብራዚል ታሪክ ብዙ ሕይወት የቀጠፈ የእሳት አደጋ ነው። ለጉባኤ ቺሊ የነበሩት የወቅቱ ፕሬዚዳንት ዲልማ ሩሴፍ ጉዟቸውን አቋርጠው ወደ ሳንታ ማሪያ አቅንተዋል።

ምርመራው ምን አገኘ?

የፖሊስ ምርመራ እሳቱን ከአንድ ሰው ስህተት ጋር ብቻ አላያያዘውም። ጭፈራ ቤቱ እንዲይዝ የተፈቀደለት 691 ሰው ነበር፤ በዚያ ሌሊት የተገኘው ሕዝብ ግን ከዚያ በእጅጉ ይበልጣል። የእሳት አደጋ መከላከያ ተቋሙ የሰጠው የደኅንነት ፈቃድ ጊዜው ያለፈበት በ2012 ኦገስት ወር ነበር፤ ያም ሆኖ ቤቱ ለወራት ክፍት ሆኖ ሠርቷል። ጣሪያው ላይ የተለጠፈው ስፖንጅ ለዚህ ዓይነት አገልግሎት የማይፈቀድና በቀላሉ የሚቀጣጠል ነበር።

ፖሊስ በማርች 2013 ምርመራውን ሲያጠናቅቅ 28 ሰዎች በልዩ ልዩ ደረጃ ኃላፊነት እንዳለባቸው አመለከተ። ከእነዚህም መካከል የማዘጋጃ ቤት ሠራተኞች፣ የእሳት አደጋ መከላከያ ባልደረቦችና የከተማዋ ከንቲባ ይገኙበታል። በቀጣዩ ወር ዐቃቤ ሕግ ያቀረበው ክስ ግን በስምንት ሰዎች ላይ ብቻ ነበር። በሰው መግደል የተከሰሱት አራት ሰዎች ናቸው፤ እነርሱም የጭፈራ ቤቱ ሁለት ባለቤቶች፣ የባንዱ ድምፃዊና የባንዱ ረዳት ናቸው። ከቀሪዎቹ አራት ሁለቱ የእሳት አደጋ መከላከያ ባልደረቦች ሲሆኑ፣ የተከሰሱት ከአደጋው በኋላ ሰነድ አዛብተዋል በሚል ነው፤ ሁለቱ ደግሞ በሐሰት ምስክርነት ተከሰዋል።

ከንቲባው ላይ ክስ አልቀረበም። እንዲያውም በ2016 የክልሉ የሕዝብ ደኅንነት ኃላፊ ሆነው ተሾመዋል። ሹመቱ ቤተሰቦቹን ክፉኛ አስቆጥቷል።

«ሆን ብሎ» ወይስ «በቸልተኝነት»?

የክርክሩ ሁሉ ማዕከል አንድ የሕግ ጥያቄ ነበር። አራቱ ተከሳሾች ማንንም ለመግደል አላሰቡም፤ ዐቃቤ ሕግም አስበዋል አላለም። የዐቃቤ ሕግ ክርክር፣ ተከሳሾቹ ድርጊታቸው ሰው ሊገድል እንደሚችል እያወቁ «የመጣው ይምጣ» ብለው ገፍተውበታል የሚል ነው። ይህ በሕግ ቋንቋ ቀጥተኛ ያልሆነ የሐሳብ ጥፋት ይባላል። ተከላካይ ጠበቆች በበኩላቸው የደረሰው የከፋ ቸልተኝነት እንጂ የሐሳብ ወንጀል አይደለም ሲሉ ተከራክረዋል።

በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የቃላት ብቻ አይደለም። በብራዚል የወንጀል ሕግ በቸልተኝነት ሰው መግደል በመነሻው ከ1 እስከ 3 ዓመት የሚያስቀጣ ሲሆን ጉዳዩን የሚያየውም ዳኛ ነው። ሆን ብሎ ሰው መግደል ግን ከ6 እስከ 20 ዓመት ያስቀጣል፤ ጥፋተኝነቱንም የሚወስኑት ከሕዝብ የተመረጡ ሰባት ሰዎች የሚቀመጡበት የጁሪ ችሎት ናቸው። ዳኛው የቅጣቱን መጠን ይወስናል። በመሆኑም የወንጀሉ ስያሜ ምንነት የቅጣቱን ክብደትም፣ ፍርዱን የሚሰጠውን አካልም የሚወስን ነበር።

ተመሳሳይ ልዩነት በኢትዮጵያ ሕግም አለ። በ1996 ዓ.ም የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 58 ስለ ሐሳብ ጥፋት ሲደነግግ፣ ውጤቱ ሊደርስ እንደሚችል እያወቀ ድርጊቱን የፈጸመንም ሰው ያካትታል፤ ቸልተኝነትን ደግሞ በአንቀጽ 59 ለይቶ አስቀምጧል።

የፍርዱ ረጅም ጉዞ

ተከሳሾቹ ከአደጋው በኋላ ለጥቂት ወራት ከታሰሩ በኋላ በ2013 አጋማሽ ተለቅቀዋል። ጉዳዩ በጁሪ ይታይ ወይስ አይታይ የሚለው ክርክር ብቻውን ዓመታትን ፈጅቷል። በ2017 የክልሉ ፍርድ ቤት በጁሪ እንዳይታይ ቢወስንም፣ በ2019 የበላይ የፍትሕ ፍርድ ቤት ይህንን ሽሮ ወደ ጁሪ መለሰው።

ችሎቱ በክልሉ ዋና ከተማ በፖርቶ አሌግሬ ከዲሴምበር 1 እስከ 10 ቀን 2021 ተካሄደ። አደጋው ከደረሰ ዘጠኝ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሳምንታት ብቻ ቀርተው ነበር። አራቱም ጥፋተኛ ተባሉ። የጭፈራ ቤቱ ባለቤቶች አንደኛው 22 ዓመት ከ6 ወር፣ ሁለተኛው 19 ዓመት ከ6 ወር፤ ሁለቱ የባንዱ ሰዎች ደግሞ እያንዳንዳቸው 18 ዓመት እስራት ተፈረደባቸው።

ይሁንና በኦገስት 2022 የክልሉ ፍርድ ቤት በሁለት ለአንድ ድምፅ ፍርዱን ሻረው። ምክንያቱ የተከሳሾቹ ንጽሕና አልነበረም፤ የጁሪ አባላት አመራረጥን፣ ዳኛው ከጁሪ አባላቱ ጋር ተከራካሪ ወገኖች በሌሉበት መነጋገራቸውንና ለጁሪው የቀረቡትን ጥያቄዎች አቀራረጽ የሚመለከት የሥነ ሥርዓት ጉድለት ነው። ተፈራጆቹ ተለቀቁ። በሴፕቴምበር 2023 የበላይ የፍትሕ ፍርድ ቤት የመሻር ውሳኔውን አጸናው።

በሴፕቴምበር 2 ቀን 2024 ሁኔታው እንደገና ተገለበጠ። የአገሪቱ የመጨረሻ የዳኝነት አካል የሆነው የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ የ2021ን ፍርድ መልሰው አጸኑ፤ አራቱም ወደ እስር ቤት እንዲመለሱ አዘዙ። በኦገስት 2025 ደግሞ የክልሉ ፍርድ ቤት የጥፋተኝነቱን ውሳኔ ሳይነካ ቅጣቱን ቀነሰ፤ ለባለቤቶቹ 12 ዓመት፣ ለባንዱ ሰዎች 11 ዓመት ሆነ።

የወላጆች ትግል

የሟች ቤተሰቦችና ከአደጋው የተረፉ ሰዎች ማኅበር መሥርተው በሳንታ ማሪያ መሐል አደባባይ ድንኳን ተክለዋል፤ የልጆቻቸውንም ፎቶግራፍ ሰቅለዋል። በየዓመቱ ጃንዋሪ 27 በዚያው ይሰበሰባሉ። ዋነኛ መፈክራቸው «እንዳይደገም» የሚል ነው።

ቁጣቸው በሁለት ነገሮች ላይ ያተኮረ ነው። አንደኛው የሂደቱ መጓተት ነው፤ አንዳንድ ወላጆች የመጨረሻውን ውሳኔ ሳያዩ አርፈዋል። ሁለተኛውና የከበደው የተጠያቂነቱ ወሰን ነው። ርችቱን ያቀጣጠለው ሰው ታስሯል፤ ጊዜው ባለፈ ፈቃድ ቤቱ ክፍት ሆኖ እንዲሠራ የፈቀደው አሠራር ግን ተጠያቂ አልሆነም የሚል ነው። ዐቃቤያነ ሕግ ባለሥልጣናቱን አለመክሰሳቸውን በአደባባይ የነቀፉ ጥቂት አባቶች ራሳቸው በስም ማጥፋት ተከሰው ፍርድ ቤት ቆመዋል። ልጁን የቀበረ አባት ተከሳሽ የሆነበት ይህ ክስተት በብራዚል ሰፊ ቅሬታ አስነስቷል።

ሕጉ ምን ተለወጠ?

የሪዮ ግራንዴ ዶ ሱል ክልል በ2013 መጨረሻ፣ የፌዴራሉ መንግሥት ደግሞ በማርች 2017 የእሳት ደኅንነት ሕግ አውጥተዋል። ሁለቱም በሕዝብ ዘንድ «የኪስ ሕግ» ተብለው ይጠራሉ። የፌዴራሉ ሕግ ሕዝብ የሚሰበሰብባቸው ሥፍራዎች የእሳት መከላከያ መስፈርት ሳያሟሉ እንዳይሠሩ ይደነግጋል። በሕጉ የተጣለበትን የመቆጣጠር ግዴታ ያልተወጣ ከንቲባም በአስተዳደራዊ ጥፋት እንደሚጠየቅ አስፍሯል። ቤተሰቦቹ ከመጀመሪያው ሲጠይቁት የነበረው የባለሥልጣን ተጠያቂነት በሕግ የገባው በዚህ መንገድ ነው፤ ወደ ኋላ ተመልሶ በ2013ቱ አደጋ ላይ ግን አይሠራም።

የተቃጠለው ሕንፃ መፍረስ የጀመረው በጁላይ 2024 ነው። በቦታው ለ242ቱ ሟቾች መታሰቢያ እንዲሠራ ተወስኗል።

በሌሎች አገራትስ?

የሳንታ ማሪያ ጥያቄ የብራዚል ብቻ አይደለም። በአርጀንቲና ቦነስ አይረስ በዲሴምበር 2004 በደረሰ ተመሳሳይ ቃጠሎ 194 ሰዎች ሞተዋል። መንስኤው ከታዳሚዎች የተወረወረ ርችት ሲሆን የአደጋ ጊዜ መውጫው ተቆልፎ ነበር። የወላጆች ሰልፍ ተጽዕኖ የከተማዋን የአስተዳደር ኃላፊ እስከ ፖለቲካዊ ክስ አድርሷቸው በ2006 ከሥልጣን ተነሥተዋል።

በሩማንያ ቡካሬስት በኦክቶበር 30 ቀን 2015 በአንድ ክለብ በተነሳ እሳት 64 ሰዎች ሞተዋል። በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ዜጎች «ሙስና ይገድላል» እያሉ አደባባይ ወጡ፤ አደጋው ከደረሰ ሳምንት ሳይሞላው ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሥልጣን ለቀቁ። የመጨረሻው የወንጀል ፍርድ የተሰጠው ግን በ2022 ነው።

በሰሜን መቄዶንያ ኮቻኒ ከተማ በማርች 16 ቀን 2025 ከ60 በላይ ሰዎች በክለብ ቃጠሎ ሞተዋል። እዚያም መነሻው ርችት ነበር። የክለቡ ፈቃድ በሕገ ወጥ መንገድ የተገኘ ነው መባሉ ሕዝቡን ለሰልፍ አስወጥቷል። በዚህ ጉዳይ ዐቃቤ ሕግ ከባለቤቶቹ አልፎ የቀድሞ ከንቲባዎችንና የፈቃድ ሰጪ ተቋማት ኃላፊዎችን ጭምር ከሷል፤ ተከሳሾቹም ከ30 በላይ ናቸው።

በአራቱም አገራት የአደጋው ሰንሰለት ተመሳሳይ ነው፦ የተዘጋ ወይም የጠበበ መውጫ፣ በቀላሉ የሚቀጣጠል የጣሪያ ልባስ፣ በቤት ውስጥ የተለኮሰ ርችትና ደንቡ ሳይከበር በዝምታ ያለፈ ተቆጣጣሪ። ከእነዚህ ውስጥ ርችቱ ብቻ የአንድ ሌሊት ስህተት ነው። ሦስቱ ከአደጋው በፊት ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት በግልጽ የሚታዩ ነበሩ። የሳንታ ማሪያ ወላጆች የ12 ዓመትና የ11 ዓመት ቅጣቱን ከሰሙ በኋላም ጥያቄያቸውን ያላቆሙት በእነዚህ ሦስቱ ምክንያት ነው።