የደጋን «ክብደት» ወይስ የደጋን ጉልበት? ስለ ጥቂት የአደን ቃላት ታሪክና አተረጓጎም

ስለ አደን መሣሪያ የተጻፉ የውጭ አገር መጻሕፍትንና ደንቦችን ወደ አማርኛ የሚመልስ ተርጓሚ ብዙ ሳይርቅ «የ50 ፓውንድ ቀስት» ከሚል ሐረግ ጋር ይገናኛል። ሐረጉ እንዳለ ቢመለስ፣ አንባቢው በሚዛን ላይ ቢቀመጥ 23 ኪሎ ግራም ያህል የሚመዝን ዕቃ ይታየዋል። እንዲህ ያለ የአደን ቀስት የለም፤ የእንጨቱ ቀስት ከአንድ ኪሎ ግራም እምብዛም አያልፍም። ቁጥሩ የሚያመለክተው አውታሩ እስከ መጨረሻው ሲሳብ እጅ የሚሸከመውን ጉልበት ነው። ሰውነቱ ደቀቅ ያለ፣ ክንዱም ያጠረ አዳኝ ትልቅ አውሬ ለመግደል የሚበቃ መሣሪያ የሚመርጠው በዚህ ቁጥር ስለ ሆነ፣ የቃሉ ስሕተት ከወረቀት ወርዶ አውሬውን አቁስሎ እስከ መልቀቅ ያደርሳል።

አስቀድሞ የመሣሪያው ስም ሊለይ ይገባል። በግእዝ ቀስት የሚታጠፈው መሣሪያ ሲሆን ተወርዋሪው ሐጽ ይባላል። አማርኛም በመጽሐፍ ቅዱስ ትርጉሙ ቀስትንና ፍላጻን ለይቶ ይዟል። በዛሬው አነጋገር ግን ቀስት ሲባል የብዙ ሰው አሳብ ወደ ተወርዋሪው፣ ይልቁንም ወደ መንገድ ምልክቱ ይሄዳል። ደጋን የሚለው ቃል በአንጻሩ በጥጥ ነዳፊዎች እጅ ሳይደበዝዝ ኖሯል። (ነደፈ ራሱ በግእዝ በፍላጻ መውጋትንም የሚጨምር ግስ ነው፤ አማርኛው ለንብ፣ ለጊንጥና ለጥጥ አስቀርቶታል።) ስለዚህ በሙያ ጽሑፍ መሣሪያው ደጋን፣ ተወርዋሪው ፍላጻ ቢባል ቀስት የሚያመጣው መደናገር ይቀራል ብለን እናምናለን።

ወደ ምርጫው ስንመለስ፣ «ትንሽ ሰው ለትልቅ አውሬ ምን ዐይነት ደጋን ይያዝ?» የሚለው ጥያቄ ጥንታዊ ነው፤ የአፍሪካ አዳኞችም አንድ ዐይነት መልስ አልሰጡትም። በካላሃሪ የሚኖሩት የሳን ሕዝቦች ቁመታቸው መጠነኛ ነው። ደጋናቸውም አንድ ሜትር ገደማ የሚሆን፣ ጉልበቱ ከ20 ፓውንድ ብዙ የማይርቅ ቀላል መሣሪያ ነው። በዚህ ደጋን አጋዘንና ቀጭኔ ሲያድኑ ኖረዋል። ገዳዩ ከአንድ ዐይነት ጥንዚዛ እጭ የሚወጣው መርዝ ነውና ፍላጻው ቆዳውን ዘልቆ ደም ከነካ ይበቃል። መርዙንም የሚቀቡት በስለቱ ጫፍ ላይ ሳይሆን ከስለቱ በስተኋላ ባለው ዘንግ ላይ ነው፤ አዳኙ ራሱን ቢጭር እንዳይሞት። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ዱካ መከተል ነው። እ.ኤ.አ. በ1957 የወጣው «አዳኞች» የተሰኘው የጆን ማርሻል ፊልም፣ ከአንድ በላይ ከሆነ አደን የተቀናበረ ቢሆንም፣ የተወጋችን ቀጭኔ ለቀናት የሚከተሉ አራት ሰዎችን ያሳያል።

በምሥራቅ ኬንያ በጻቮ አካባቢ ዝሆን ያድኑ የነበሩት ዋታዎች ደግሞ ሌላውን መንገድ መርጠዋል። እነዚህ የኦሮምኛ ዘዬ ተናጋሪዎች ግዙፍ ሰዎች አልነበሩም፤ ደጋናቸው ግን ከ100 ፓውንድ በላይ የሚጠይቅ ነበር። መርዝ እያላቸው ይህን ያህል ጉልበት ለምን አስፈለገ ቢባል፣ የዝሆን ቆዳ መልሱን ይሰጣል፤ መርዙ የሚሠራው ፍላጻው ያን ቆዳ አልፎ ወደ ውስጥ ሲገባ ብቻ ነው። መርዙ የሚወጣበትን የዛፍ ወገን እኛም እናውቀዋለን፤ አማርኛው መረንዝ የሚለው ዛፍ ነው። የሳይንስ ስሙም በ19ኛው ምዕተ ዓመት በትግራይ ለብዙ ዘመን ዕፀዋት ሲሰበስብ የኖረውን የጀርመናዊውን የዊልሄልም ሺምፐርን ስም ይዟል። ልብን የሚያቆመው ንጥረ ነገር በዓለም መድኃኒት ቤቶች «ዋባይን» የተባለው ከሶማልኛው «ዋባዮ» ነው፤ ይኸውም የፍላጻ መርዝ ማለት ነው። አፍሪካዊ ቃል በፈረንሳይኛ በኩል ወደ ሳይንስ መዝገብ ገብቶ ሳለ፣ በአማርኛ ጽሑፍ እንደ እንግዳ ቃል ሲጻፍ ማየት ይገርማል።

መርዝ የማይጠቀም የዛሬ አዳኝ ግን በስለትና በጉልበት ብቻ ይተማመናል። እዚህ ላይ ነው ክንደ አጭሩ የሚታለለው። በደጋኑ ላይ «50 ፓውንድ በ28 ኢንች» ተብሎ ይጻፋል፤ አውታሩ 28 ኢንች ሲሳብ ማለት ነው። ክንዱ 25 ኢንች ብቻ የሚስብለት ሰው በእያንዳንዱ ኢንች ከ2 እስከ 3 ፓውንድ ስለሚያጣ፣ በእጁ የሚያገኘው ከ41 እስከ 44 ፓውንድ ነው። የመሳቢያው ርቀትም ስላጠረ ወደ ፍላጻው የሚተላለፈው አቅም ሁለት ጊዜ ይቀንሳል። «በ28 ኢንች» የሚለውን እንደ ትርፍ ቃል የዘለለ ተርጓሚ የቁጥሩን ግማሽ ትርጉም ጥሏል። የአላስካ የአደን ደንብ ለቡናማ ድብና ለመሰሎቹ ታላላቅ አራዊት የ50 ፓውንድ ወሰን ማኖሩን ስናስብ ጉዳቱ ይገለጣል።

ለዚህ መለኪያ «ስበት» ያሉ አሉ፤ ነገር ግን ቃሉ ለመሬት ስበት ተይዟል። «ክብደት» ደግሞ ከላይ እንዳየነው ያሳስታል። የመጽሐፍ ቅዱሱ አማርኛ ከቀስት ጋር የሚያውለው ግስ ገተረ ነው፤ ግእዙ ወሰቀ ይላል። ከገተረ ተነሥተን «የግተራ ጉልበት» እና «የግተራ ርዝመት» እንላለን። እ.ኤ.አ. በ1969 ሆሌስ አለን የተባለ የሚዙሪ ሰው የባለቤትነት መብት ያገኘበት ባለመዘውር ደጋን ግን አንድ ቃል ይጨምርብናል። በዚህ መሣሪያ ጉልበቱ በመካከል ጣሪያ ነክቶ በመጨረሻ ስለሚቀንስ፣ ደቃቃው አዳኝ ሳይንቀጠቀጥ ማነጣጠር ይችላል። የአላስካው ደንብ የሚለካው ጣሪያውን እንጂ በመጨረሻ እጅ ላይ የሚቀረውን አይደለም። ስለዚህ የመጀመሪያው «ከፍተኛ የግተራ ጉልበት»፣ ሁለተኛው «የመያዣ ጉልበት» ተብለው በመዝገቡ ለየብቻቸው ሊገቡ ይገባል።