21 ዓመት እና የዕረፍት ሒሳብ

የቤዝቦል ማኔጀር ጌም የተጫወተ ሰው ይህን ጭንቀት ያውቀዋል። ያልተጫወተ ደግሞ ፉትቦል ማኔጀርን ወይም የፊፋን ካሪየር ሞድ ያስብ። የ18 ዓመት ተስፈኛ ልጅ አላችሁ እንበል። በየጨዋታው ብታሰልፉት ይደክማል፤ ሲደክም የመጎዳት ዕድሉ ይጨምራል። ወንበር ላይ ብታስቀምጡት ጉልበቱ ይሞላል፤ ችሎታው ግን ባለበት ይቀራል። ጀርመናዊው ማርኩስ ሃይንሶን እ.ኤ.አ. በ1999 ለገበያ ያቀረበው አውት ኦፍ ዘ ፓርክ ቤዝቦል በዚህ በኩል ጨርሶ አይምርም። ልጁን ዝቅ ወዳለ ሊግ ልካችሁ በደንብ ማጫወት፣ ወይም አናት ላይ አስቀምጣችሁ ማዛግ፣ ምርጫው የእናንተ ነው።

እኔን የሚገርመኝ ግን ጌሙ ላይ ዕረፍት ነፃ መሆኑ ነው። አንድ ክሊክ፣ አለቀ። በእውነተኛው ታሪክ ውስጥ ለዕረፍቱ የሆነ ሰው ሲከፍል ነው የማየው።

ከራሱ ከቤዝቦል ልጀምር። ኳሱን የሚወረውረው ተጫዋች ፒቸር ይባላል፤ እንጀራው ክንዱ ነው። ስቲቨን ስትራስበርግ እ.ኤ.አ. በ2010 ለዋሽንግተን ናሽናልስ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰለፍ 21 ዓመቱ ነበር፤ በዚያው ጨዋታ 14 ተቃራኒዎችን በውርወራው ብቻ አስወጣ። ሦስት ወር ሳይሞላ የክርኑ ጅማት ተበጥሶ ቀዶ ጥገና ተደረገለት። በ2012 ክለቡ የውርወራውን መጠን ገደበና መስከረም ላይ፣ ገና ጤነኛ እያለ፣ “በቃህ” አለው። ናሽናልስ በዚያ ዓመት ከሁሉም ክለቦች ብዙ ጨዋታ ያሸነፈ ቡድን ነበር። ያለ እሱ ወደ ጥሎ ማለፉ ገባ፣ በመጀመሪያው ዙር በሴንት ሉዊስ ተሸነፈ። ከተማው ተናደደ።

ውሳኔው ትክክል ነበር? በ2019 ክለቡ ዋንጫውን ሲያነሳ የፍጻሜው ኮከብ ስትራስበርግ ነው። ወዲያው 245 ሚሊዮን ዶላር ፈረመ፤ ከዚያ በኋላ በስምንት ጨዋታ ብቻ ተሰልፎ በጉዳት ጫማውን ሰቀለ። እንግዲህ ፍረዱ! እኔ በበኩሌ አሳርፉት ካሉት ጎን ነኝ፤ ቢያንስ ለልጁ ብሎ የራሱን ዋንጫ አደጋ ላይ የጣለ አለቃ ነበረው።

የእኛ ቀነኒሳ በቀለስ? እ.ኤ.አ. 2004ን ቀን በቀን ተከተሉት። የካቲት ላይ በርሚንግሃም ውስጥ የ5 ሺህ ሜትር የቤት ውስጥ ሪከርድ ሰበረ። መጋቢት ላይ ብራስልስ፣ በዓለም አገር አቋራጭ፣ በሁለት ተከታታይ ቀናት አጭሩንም ረጅሙንም አሸነፈ። ግንቦት 31 ቀን ሄንግሎ ላይ 5 ሺህ ሜትርን በ12 ደቂቃ ከ37.35 ሰከንድ ሮጠ። በስምንተኛው ቀን ኦስትራቫ ላይ 10 ሺህውን በ26 ደቂቃ ከ20.31። ሁለቱም የኃይሌ ገብረሥላሴ ሪከርዶች ነበሩ። ያኔ ዕድሜው 21 ነው። ነሐሴ ላይ አቴንስ፤ በ10 ሺህ ወርቅ፣ በ5 ሺህ ብር። ለብሩ አዝነን የነበርን ሕዝብ መሆናችንን ሳስብ ያሳፍረኛል።

ማን ያሳርፈው? ሯጭ ከክለቡ ከሚያገኘው ወርኃዊ ደመወዝ ውጪ ዋና ገቢው ውድድር ነው፤ ካልሮጠ የለም። አገር ደግሞ ሜዳልያ ትጠብቃለች። በ2009 በርሊን ላይ ሁለቱንም ወርቅ ከወሰደ በኋላ ጉዳቱ መጣና 2010ን በአብዛኛው ሳይወዳደር አሳለፈ። በ2011 ዴጉ ላይ ውድድሩን አቋርጦ ወጣ። የሚገርመው አካሉ አሁንም እጅ አልሰጠም፤ በ2019 በርሊን ማራቶንን በ2:01:41 ጨርሶ ለሪከርድ ሁለት ሰከንድ ብቻ ቀረው። ይህን እያየን “ታዲያ ምን ሆነ?” ማለት ይቀናናል። ብዙ ሮጦ የተረፈውን እናውቀዋለን፤ በ19 ዓመቱ ጉልበቱ ያለቀውን ግን ማንም ስሙን አይዝም።

እስካሁን ያወራሁት ከመጠን በላይ ስለሮጠ ልጅ ነው። ጌሙ የሚያስፈራራን ሌላ ስህተትም አለ፤ ወንበር ላይ ያለ ጨዋታ መዛግ። ለዚህኛው ሩቅ አልሄድም፣ ሰሜን ወሎ ይበቃኛል።

ጥር 2009 ዓ.ም. ወልድያ ላይ በሼህ መሐመድ ሁሴን አሊ አልአሙዲ ስም የተሰየመው፣ 25 ሺህ ገደማ ሰው የሚይዘው ስታዲየም ተመረቀ። ወልድያ ከተማ ፕሪሚየር ሊግ ላይ ነበር። በ30 ኪሎ ሜትር ርቀት መርሳ ላይ፣ ወይም ውርጌሳ ላይ ለሚያድግ የሀብሩ ልጅ ይህ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት፤ ትልቁ ሊግ በሚኒባስ የሚደረስበት ቦታ መጣ ማለት ነው። በ2010 መጨረሻ ክለቡ ወረደ። ይሄ እንኳን ኳስ ነው፣ ይወረዳል ይወጣል።

መጋቢት 2012 ኮሮና ገባ፤ ትምህርት ቤት ተዘጋ፣ የዚያ ዓመት ሊግም ተሰረዘ። ነሐሴ 2013 ጦርነቱ ወልድያና መርሳ ደረሰ፤ እስከ ታኅሣሥ 2014 ድረስ ከተሞቹ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ቆዩ። ሐምሌ 2015 መጨረሻ በክልሉ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ሌላ ጦርነት፣ እንደገና የተዘጋ መንገድና ትምህርት ቤት።

አሁን ደምሩት። በ2012 የ15 ዓመት ልጅ የነበረ በ2015 ዓ.ም. 18 ሞላው። የትኛውም ማኔጀር ጌም ላይ ተስፈኛ ልጅ የሚሠራው በእነዚያ ዓመታት ነው። ይሄኛው ግን “አርፏል”። ማንም አለቃ ለክንዱ ወይም ለጉልበቱ አስቦ አይደለም ያሳረፈው፤ ጉልበቱም በዕረፍቱ አልሞላም፣ አንዳንዱ ወር ምግብ ራሱ ችግር ነበር። የወጣቶች ውድድር ሲቋረጥ ደግሞ ማን ጎበዝ እንደነበር የሚያሳይ መዝገብ አይኖርም፤ ለመጸጸት እንኳን ስም ያስፈልጋል።

ዘንድሮ፣ በ2018፣ ያ ልጅ 21 ዓመቱ ነው። ለሙከራ ወደ አንድ ክለብ ቢሄድ መጀመሪያ የሚጠየቀው ዕድሜውን ነው። 18 ነው ይላል። በአገራችን ኳስ ዕድሜ መቀነስ የቆየ በሽታ ነው፣ እኔም ስቃወመው ኖሬያለሁ። ይሄኛው ግን ሦስት ዓመት ነው የቀነሰው፤ ሦስቱንም የት እንዳጣቸው ወልድያ ላይ የሚያውቅ ሁሉ ያውቃል።